ከጋራዥ ወጥታ እምቢ ያለች መኪና

መኪናዋ ጋራዥ የገባችው እየተነዳች ነው። ችግሯ ሌላ ነበር፤ ፍሪሲዮኗ አልቆ ዳገት ላይ ታጓራለች እንጂ አትሄድም። ሦስት ቀን ቆየች፣ ፍሪሲዮን ተቀየረላት፣ ሂሳብ ተከፈለ። ባለቤቷ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ!» አለችና ዝም። ደግሞ አዞረ። «ቀጭ!»

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ንግግር የከተማ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ደህና የነበረችውን መኪና ገደላችሁብኝ!»

«ጋሼ፣ እኛ የነካነው ፍሪሲዮኑን ነው። ይሄ የሞተሪኖ ነገር ነው፤ ድሮም የነበረባት ይሆናል።»

አንዱ ሌባ፣ ሌላው ነዝናዛ ተባብለው ይለያያሉ። የሚገርመው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከልባቸው መናገራቸው ነው። ባለቤቱ እውነቱን ነው፤ መኪናዋ ስትገባ ትነሳ ነበር። መካኒኩም እውነቱን ነው፤ ሞተሪኖውን ሊጠግን አልተዋዋለም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው?

የዚህ ጽሑፍ መልስ «ማንም» የሚል ነው። ጠቡን የፈጠረው ታሪክ ነው። ቁልፍ ማዞር አንድ ነገር ይመስለናል። በእርግጥ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የመጣ የፈጠራ ክምር ነው። እያንዳንዱ ፈጠራ ከሾፌሩ ጫንቃ ላይ አንድ ሸክም አንስቷል፤ በምትኩም አንድ አዲስ የመበላሻ ቦታ ጥሎልን ሄዷል። አንዱን ንብርብር ለመጠገን እጁን የሚከት ሰው ሌላውን ነካ ሳያደርግ አይወጣም። ስለዚህ የዛሬውን «እምቢ» ለመፍታት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያዋጣል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባርኔጣ መርፌ

ካርል ቤንዝ ለባለ ሦስት ጎማ መኪናው የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ያስገባው በጥር 1886 ነው። መኪናዋ ግን ገበያ አላገኘችም። በነሐሴ 1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግረው፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ነዳቻት። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በታሪክ የመጀመሪያው የረጅም ርቀት የመኪና ጉዞ የሚባለው ይህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ርቀቱ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሆነው ነው። የነዳጅ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ተልጦ ሲነካካ በካልሲ ማሰሪያዋ ጠቀለለችው። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎህ ከሚባል ከተማ ከፋርማሲ ገዛች፤ ያኔ ማደያ የሚባል ነገር የለማ! የፍሬኑ እንጨት ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስለበሰችው።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ፣ በሌላ አነጋገር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የብልሽት ፍለጋ ነበር። ሞተሩን ለማስነሳት ከኋላ ያለውን ትልቅ መዘውር በእጅ ማሽከርከር ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ነጂዋም፣ ጠጋኟም፣ ብልሽቱን የምታውቀውም አንዲት ሴት ናት። ስለዚህ «እኛ ነክተነው አይደለም» የሚባል ጠብ ሊኖር አይችልም ነበር። ጠቡ የተወለደው ነጂና ጠጋኝ ሁለት ሰው ሲሆኑ ነው።

የሾፌር ስብራት

ቀጥሎ የመጣው ከመኪናው አፍንጫ ላይ ተሰክቶ በእጅ የሚዞረው ቆልማማ ብረት ነው፤ ጣልያኖቹ ማኖቬላ ይሉታል። በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ለአጼ ምኒልክ ሲያደርስ ዓለም ሁሉ መኪና የሚያስነሳው በክንዱ ነበር።

ያ ብረት ክፉ ነበር። ሻማው (መካኒኮቻችን ካንዴላ የሚሉት) ጊዜውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ከፈነጠቀ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ብረቱም ከነክንዱ ይዞ ይዞራል። ሐኪሞች ዛሬም ድረስ አንድ ዓይነት የአንጓ ስብራትን «የሾፌር ስብራት» ብለው ይጠሩታል፤ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። የዘመኑ ሾፌር ከማዞሩ በፊት ፍንጣቂውን በእጅ ማዘግየት ነበረበት። አውራ ጣቱንም ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ማድረግ ነበረበት፤ ብረቱ ሲመታ እንዲያመልጠው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የማያውቅ ሰው መኪና አያስነሳም።

ይህን የለወጠው የኦሃዮ ግዛቱ መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ሲተረክ የኖረው ታሪክ እንዲህ ይላል፤ የካዲላክ አለቃ የሄንሪ ሌላንድ ወዳጅ የነበረው ባይረን ካርተር መንገድ ላይ መኪናዋ የቆመችባትን ሴት ሊረዳ ብረቱን ሲያዞር ተመታ፣ በዚያው ሰበብ በ1908 ሞተ፣ ሌላንድም «ከእንግዲህ ካዲላክ ሰው አይገድልም» ብሎ ተነሳ። ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ መሣሪያው ግን እውነት ነው፤ በ1911 ተሠርቶ በ1912 ካዲላክ ላይ ተገጥሞ ለገበያ ወጣ። ማስታወቂያዎቹ «ለሴቶች የተመቸ» እያሉ ሸጡት። አንጓቸው ሲሰበር የኖሩት አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውን ግን ማንም አላነሳም። ፎርድ ደግሞ ከ15 ሚሊዮን በላይ በተሠራችው ሞዴል ቲ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻን ያስገባው ዘግይቶ በ1919 ነው።

የኬተሪንግ ብልሃት የት ላይ ነበር? ሌሎች መሐንዲሶች «ሞተር የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ከራሱ ከመኪናው ሊተልቅ ነው» ይሉ ነበር። ኬተሪንግ ቀደም ሲል ለሱቅ ገንዘብ መቀበያ ማሽን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቷል። መሳቢያ ለመክፈት ሞተሩ የሚሠራው ለአፍታ ብቻ ነው። ለአፍታ ብቻ ከሆነ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ቢሸከም አይቃጠልም። መኪና ማስነሳትም የአፍታ ሥራ ነው። ሞተሪኖ የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ያች «ቀጭ» የምትመጣውም ከዚሁ ሐሳብ ነው። ለአፍታ ብዙ ጉልበት ለማውጣት ሞተሪኖ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በአነስተኛ መኪና ላይ እንኳን 150 አምፒር ገደማ። አንድ የፊት መብራት የሚፈልገው 5 አምፒር እንኳን አይሞላም። አሁን የባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ማሰሪያ ትንሽ ላላ እንበል፤ ወይም ዝጎ 0.05 ኦም የምታህል እንቅፋት ፈጠረ። መብራቱ ሲበራ በዚያች እንቅፋት ላይ የሚጠፋው ሩብ ቮልት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ሞተሪኖው 150 አምፒር ሲጠይቅ ግን ከ12ቱ ቮልት 7.5ቱ እዚያው ይቀራል። መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ይቀራል። «ባትሪው ደህና ነው፣ መብራት አለው» የሚለው የብዙዎቻችን ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፍሪሲዮኑ እንመለስ። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ካምቢዮ ሲወርድ ባትሪው ይነቀላል። በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሪኖው በካምቢዮው ቤት በኩል ስለሚታሰር እሱም ይፈታል። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የኔጋቲቭ ሽቦም ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ላይ ነው የሚታሰረው። ያቺ አንዲት ሽቦ ተረስታ ከቀረች፣ ወይም ቀለምና ጭቃ ላይ ከታሰረች፣ መኪናዋ አትነሳም። እንግዲህ መካኒኩ «የነካነው ፍሪሲዮኑን ነው» ሲል ልክ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ጋ ለመድረስ ግን የ1912ን ፈጠራ አፍርሶ መልሶ ገጥሟል።

ጣልያንኛ በሁለት በር

የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ። ከ1936 እስከ 1941 የነበረው ወረራ መንገድና የጭነት መኪና ይዞ ሲመጣ ቃላቱም አብረው መጡ። ወራሪው ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ በመካኒኩ እጅ ቀሩ። (ከጠላት ከተማረኩት ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ያሉት እነዚህ ሳይሆኑ ይቀራሉ?)

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጣልያን በሁለተኛ በርም መግባቱን ነው፤ በሞስኮ በኩል። የሶቪየት መንግሥት በ1966 ከፊያት ጋር ተዋዋለ። ፋብሪካው በጣልያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶግሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ተተከለ። በ1970 ከዚያ መውጣት የጀመረችው መኪና የፊያት 124 ልጅ ናት፤ እኛ ላዳ እንላታለን። በደርግ ዘመን ገብታ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለአስርት ዓመታት አዲስ አበባን ያመላለሰች ታክሲ። የአስመራና የአዲስ አበባ መካኒክ በፊያት የተማረውን ቃል እንዳለ በላዳ ላይ ተጠቀመበት። ሩሲያውያን ደግሞ ቅዝቃዜውን ፈርተው የጥንቱን የእጅ ማስነሻ ብረት አልጣሉትም፤ የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ከነሞተሪኖአቸው እሱንም ይዘው ነበር።

የዚህ ዘመን መኪና ከጥገና በኋላ እምቢ የምትለው በሌላ መንገድ ነው። ሞተሪኖው ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይይዝም። ወይም በካርቡራቶሩ በኩል ያስነጥሳል፣ በማርሚታው ይተኩሳል። ይህ የቅደም ተከተል በሽታ ነው። ኬተሪንግ ሞተሪኖውን ከመሥራቱ በፊት በባትሪ፣ በቦቢናና በመቆራረጫ የሚሠራ ማቀጣጠያ ለ1910 ካዲላክ ሠርቶ ነበር። በመሠረቱ ያው ሥርዓት ለስድሳ ዓመት ያህል ዓለምን ገዛ። አራት ፒስተን ያለው ሞተር አራት የካንዴላ ሽቦ አለው፤ ሽቦዎቹም ተራ አላቸው። በላዳና በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎች ተራው 1-3-4-2 ነው። በሌላዋ የአዲስ አበባ ወዳጅ በቮልስዋገን ኤሊ ግን 1-4-3-2 ነው። ቀኑን ሙሉ ላዳ ሲሠራ የዋለ እጅ ማታ ኤሊዋ ላይ ሽቦዎቹን በልማድ ሲሰካ የሚሆነውን ገምቱት። ካንዴላው አዲስ ነው፣ ቦቢናው ይሠራል፣ ነዳጅ አለ፤ ግን እሳቱ የሚደርሰው ላልጠራው ክፍል ነው።

በ1962 የጀርመኑ ግላስ ኩባንያ በ1004 መኪናው ላይ የላይኛውንና የታችኛውን የሞተር ክፍል የሚያስተባብረውን ሰንሰለት በጥርሳም የጎማ ቀበቶ ተካው። ቀላል፣ ርካሽ፣ ድምፅ የሌለው። ሌሎችም ተከተሉ። ቀበቶው ግን ዕድሜ አለው፤ በጊዜው መቀየር አለበት። ሲቀየር አንድ ጥርስ እንኳን ቢዘል ቫልቮቹ ጊዜያቸውን ይስታሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ጥቂት ጥርስ መሳት ማለት ፒስተንና ቫልቭ መጋጨት ማለት ነው። ስለዚህ ከቀበቶ ሥራ በኋላ እምቢ ያለችን መኪና «ትይዝ ይሆናል» እያሉ ሞተሪኖ መደጋገም፣ ይባስ ብሎ ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር፣ በአንድ ሰዓት ሥራ የሚስተካከለውን ወደ ሙሉ ቴስታታ ሥራ ሊለውጠው ይችላል።

የማይታየው ዘበኛ

ሦስተኛው ንብርብር አይዳሰስም። በ1967 ቮልስዋገን በ1600 ሞዴሉ ላይ የቦሽን የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ አቀረበ። ካርቡራቶር የሚሠራውን ሥራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ተረከበው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ እየሰፋ ሄደ፤ ፍንጣቂውንም፣ ነዳጁንም፣ ሰዓቱንም የሚቆጣጠረው እሱ ሆነ። ሳጥኑ የሞተሩን መዞር የሚያውቀው በአውራ ጣት በሚያክል ሴንሰር ነው። ካምቢዮ ሲወርድ የዚያ ሴንሰር ሶኬት ከተነቀለና ካልተመለሰ ሞተሪኖው የፈለገውን ያህል ቢያዞር ሳጥኑ «ሞተር አልዞረም» ብሎ ያምናል፤ እሳትም ነዳጅም አይልክም።

አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመኪኖች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት እንዲኖር አስገደደች። ዛሬ በየጋራዡ «ኮምፒውተር ይታይልኝ» የሚባለው በዚህች ሶኬት በኩል ነው። ከዚያ ደግሞ ዘበኛው መጣ። አውሮፓ ከ1998 ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች የሌባ መከላከያ እንዲገጠምላቸው ደነገገች። በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለችው ቺፕ ራሷን ለሳጥኑ ታስተዋውቃለች፤ ሳጥኑ ካላወቃት ሞተሩ ወይ አይይዝም፣ ወይ ይዞ በሁለት ሴኮንድ ይጠፋል።

ዘበኛው ጥቅም የለውም አልልም። በአሜሪካ ይህ መከላከያ ያልተገጠመላቸው የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ከ2021 ወዲህ በወጣቶች እንደ ቀልድ ሲሰረቁ ዓለም አይቷል። ግን ዘበኛው ሌባን ከባለቤቱና ከመካኒኩ ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም። መሪው አካባቢ የሠራ ሰው ቁልፉ ጋ ያለችውን የአንቴና ቀለበት ሳይሰካ ከረሳ፣ ወይም የሞተሩ ሳጥን በሌላ ከተቀየረ፣ መኪናዋ ባለቤቷን እንደ ሌባ ትቆጥረዋለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቴክኒክ ወጥቶ የሥልጣን ጉዳይ የሚሆነው። ቤርታ ቤንዝ ባርኔጣዋ ላይ መፍትሔ ነበራት። የላዳው ሾፌር በካቻቢቴና በፒንሳ ብዙ ይሄድ ነበር። ዛሬ መፍትሔው ያለው በአምራቹ እጅ ነው፤ ኮዱን የሚሰጥህ እሱ ነው። የማሳቹሴትስ ነዋሪዎች ይህን ተረድተው በ2012 በሕዝበ ውሳኔ የመጠገኛ መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ እንዲከፈት በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ፤ በ2020 ደግሞ መኪኖች በአየር ለአምራቹ የሚልኩት መረጃም እንዲካተት ደገሙት። እኛ አገር ብዙው መኪና በሌላ አገር አገልግሎ የመጣ ነው፤ የጥገና መጽሐፉ አብሮት አይመጣም። የሰፈሩ መካኒክ በጆሮው፣ በእጁና በተውሶ ስካነር የሚሠራውን ተአምር ለማድነቅ ይህን ማስታወስ በቂ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሲያቅተው ደግሞ ለምን እንዳቃተው ለመረዳት።

እንግዲህ ማን ይካስ?

ታሪኩ ለጠባችን አንድ መፍቻ ይሰጠናል። መኪናዋ እምቢ ስትል ከመጮህ በፊት እምቢታው የየትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት ይቻላል።

ሞተሩ ጨርሶ አይዞርም፣ «ቀጭ» ብቻ ነው ወይ? ያ የ1912 ችግር ነው። ባትሪ፣ የባትሪ ማሰሪያ፣ የኔጋቲቭ ሽቦ፣ የሞተሪኖ ሽቦ።

ይዞራል ግን አይይዝም ወይ? ያ የመካከለኛው ዘመን ነው። የካንዴላ ሽቦ ተራ፣ ቀበቶ፣ ነዳጅ፤ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ የተነቀለ ሴንሰር።

ይዞ ወዲያው ይጠፋል፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል ወይ? ዘበኛውን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው መፍቻ ጥያቄ ነው። «ምን ሠራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለጠብ ይጋብዛል፤ መልሱም «ፍሪሲዮን» ነው። «እዚያ ለመድረስ ምን ምን ፈታችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን መካኒኩን ከተከሳሽነት ወደ መርማሪነት ያሻግረዋል። ብልሽቱ ከጥገና ጋር ከተያያዘ ከእነዚያ ከተፈቱት ነገሮች በአንዱ ላይ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለማየትም ርካሹ ቦታ እዚያው ነው።

ሦስተኛው ለባለቤቱ የሚመር ነው፤ «ከጥገና በኋላ» ማለት ሁልጊዜ «በጥገና ምክንያት» ማለት አይደለም። አምስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ሦስት ቀን በሯ ተከፍቶ፣ የውስጥ መብራቷ በርቶ ከዋለች መኪና ጋር ሊሞት ይችላል። ዕድሜው አልቆ ነበር፤ ጋራዡ ቀኑን ብቻ ነው ያፈጠነው። ለዚህ መካኒኩን ሙሉ ካሳ መጠየቅ ግፍ ነው። የተረሳ የኔጋቲቭ ሽቦን ለማሰር እንደገና ማስከፈልም እንዲሁ ግፍ ነው። በመኪናው ለሚያድር የታክሲ ሾፌር እምቢ ያለች አንድ ጠዋት የልጆች ምሳ ናት፤ ስለዚህ ልዩነቱን ማወቅ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

አሁን ደግሞ አራተኛው ንብርብር እየመጣ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ካንዴላ የለም፣ ቦቢና የለም፣ ሞተሪኖም የለም። የጣልያንኛው መዝገበ ቃላት ግማሹ ጡረታ ሊወጣ ነው። ግን ከብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ፣ ከትልቁ ባትሪ ጎን፣ አንዲት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰው፣ የትልቁን ባትሪ በር የሚከፍተውን ማብሪያ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። እሷ ከደከመች ወይም ማሰሪያዋ ከላላ፣ በመቶዎች ቮልት የተሞላው መኪና ስክሪኑ ጠቁሮ ይቆማል። በብዙዎቹ ላይ ይህቺ ትንሽ ባትሪ አሁንም ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዘር ናት።

ስለዚህ የ2016ቱ መኪና ከጋራዥ ወጥቶ እምቢ ሲል፣ ስካነር ያለው ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የትንሿን ባትሪ ማሰሪያ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉ።